ሁለት የሚለው አንድ ተብሎ ይነበብ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ ማውጣት ጀምራለች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እስካሁን አንዳችሁን ነክሳ ይሆናል። ጉልበትህስ ተሻለህ? የመጣህ ዕለት የኛን ደረጃ ስትወጣ ግድግዳውን እየተደገፍክ ነበር፤ ያላየሁ መስሎህ ይሆናል እንጂ አይቻለሁ። እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሯቸው ከሁላችን ቀድመው ወንበራቸው ላይ ይገኛሉ። ጠራዣችን ሙጫውም ደህና ነው፤ ጣቱ ላይ የደረቀውን እየላጠ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። በደፈናው ደህና ነን። «ደህና» በእናንተ መሥሪያ ቤት ከመቶ ስንት እንደሚያዝለት ግን አላውቅም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። መጽሐፍህም ደርሶናል፤ መጽሐፍ ካልነው ማለቴ ነው። «የመጻሕፍት ኅትመት ዘርፍ የኢኮኖሚ ተወዳዳሪነት ልኬት።» ርእሱን ሳልጨርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ይህን ስታነብ ፈገግ ማለትህ አይቀርም፤ ቆይ ትንሽ። የሚያስቀውን ቦታ ስንደርስ እነግርሃለሁ።

መጽሐፉን ያመጣው የመሥሪያ ቤትህ መልእክተኛ ነው፤ አስፈርሞኝ ሄደ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። መጽሐፍ ሲይዙ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ርእሱ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ሽፋኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣት መካከል አሹት፣ ጀርባውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ ሙጫውን ጠርተው ሰጡት። ሙጫው መጽሐፉን ከወገቡ ለጥጦ አየውና ይህ እዚህ የተሠራ አይደለም፣ እዚህ እንዲህ አድርጎ የሚጠርዝ መኪና ያለው ሰው የለም አለ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ባሕር ማዶ ነው የታተመው።

እስቲ ይህችን ብቻ ንገረኝ። የአገራችን ኅትመት ከሰው እኩል መቆም አቅቶታል የሚል መጽሐፍ ሰው አገር ወስዳችሁ ስታሳትሙ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ደንገጥ አላለም? የሚያስቀው ቦታ ይህ ነበር። ሙጫው እስኪያስለው ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ከነነጥቡ አሉኝ።

«ከነነጥቡ» በኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ መቼም አልረሳኸውም። አንተም እኔም ያደግነው በዚያ ድምፅ ነው። እማማ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ አባባ ከወዲህ። እማማ ከማተሚያ ቤት የመጣውን ወረቀት ይዛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ አባባ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ በማስመሪያ መሥመር በመሥመር እየተከተሉ ያዳምጣሉ። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ነጠላ ሰረዙም፣ ድርብ ሰረዙም፣ አራት ነጥቡም ይነበባል። የአንባቢዋ ሕግ አንድ ነው፦ ያለውን ማንበብ። ቢያናድዳት፣ ቢያሳፍራት፣ ስሕተት መሆኑን ብታውቅ፣ ያለውን ማንበብ። የአዳማጩ ሕግ ደግሞ ጆሮው ላይ የጎረበጠ ነገር ሲመጣ ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኩቶ ማስቆም ነው። አንተ ራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ ነጠላ ሰረዝ እቴ አራት ነጥብ» እያልክ እማማን በሳቅ ትገድላት ነበር። እማማ ካረፈች ወዲህ እሷ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

አንተም መጥተህ አጠገባችን ተቀምጠህ ያረፈድከው ይህንኑ ስታይ ነው። ትመጣለህ ሲባል፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። «ይሄ ሥራ አይደለም፣ ልማድ ነው» ብለህ በሩን ወርውረህ ከወጣህ ስድስት ዓመት ሆኖህ ነበር፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ወደ አባቱ ቤት የሚመጣ ልጅ የሚታረቅ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ገና ከበሩ «ዛሬ የመጣሁት በሥራ ነው» አልክ። ኮትህን እንኳ አላወለቅክም። ሰዓትህን ከእጅህ ፈትተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና እንደ ወትሯችሁ ሥሩ፣ እኔን እርሱኝ አልከን። እኛም አንተን መርሳት ለምደነዋልና ሥራችንን ቀጠልን።

ያን ዕለት እናነብ የነበረው የጡረተኛውን መምህር የወፎች መጽሐፍ ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገሩን ወፍ ሁሉ እየተከተሉ የጻፉት ነው፤ ላባውን፣ እንቁላሉን፣ ሲደነግጥ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር። እኔ አነባለሁ፤ አባባ የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ ፊታቸው ዘርግተው ያዳምጣሉ። እኔ ገጽ ስገልጥ እሳቸውም ይገልጣሉ። በመካከል ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አንድ ላይ ተገለጠባቸው። እኔ ስለ ወንዝ ዳር ወፎች እያነበብኩ እሳቸው ፊት ያለው ስለ ጉጉት ነበር። አላንኳኩም፤ ወደ ኋላም አልመለሱም። ማስመሪያቸውን ዝቅ ዝቅ እያደረጉ እስከ ገጹ መጨረሻ ወረዱ። እኔ በድንጋጤ አንድ ቃል ደገምኩ። አንተ ያን ጊዜ ሰዓትህን እያየህ ነበር።

ወደ መጽሐፍህ ልመለስ። ከምሳ በኋላ ጀመርን፣ በማግሥቱም ቀጠልን። ተወዳዳሪነት ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራውን ሳነብላቸው አባባ አንኳኩና ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው አሉኝ። ስሕተት የለም፣ ገና ሊነገር ነው አልኳቸው። ሁለት ገጽ ቆይቶ ተነገረ፤ ከጎረቤታችን ጋር ነው። ሕዝቡ የኛን ሃያ እጥፍ ከሆነው፣ ወረቀቱን ከራሱ ደን ከሚያወጣው ጎረቤታችን ጋር። አባባ ሩጫው መቼ ተጀምሮ ነው እኛ እዚህ የተቀመጥነው አሉ። ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። በአንድ ሠራተኛ ስንት መጽሐፍ፣ በአንድ መጽሐፍ ስንት ቅጂ፣ በአንድ ቅጂ ስንት ሰዓት። ሁሉም ተደምሮና ተካፍሎ አገራችን ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘች። አባባ በሳቸው ጊዜ ሠላሳ አንድ ያመጣ ተማሪ ክፍሉን ይደግም እንደነበር አስታወሱና አገር ስትደግም የት ነው የምትቀመጠው ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ አልኩ። አንተ ታውቅ ይሆናል።

ይህን ሁሉ እየሳቅን ማለፍ ይቻል ነበር። የገጽ ግርጌው ማስታወሻ ጋ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቆመ። እዚያ ከገጹ ሥር፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ደቃቅ ፊደል፣ ባዶ ወረቀት ወደ አገር ሲገባ ቀረጥ እንደሚከፈልበት፣ ውጭ የታተመ መጽሐፍ ሲገባ ግን ምንም እንደማይከፈልበት ጽፈሃል። አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። ታውቃለህ ማለት ነው። እኔ እኮ ሳታውቅ የቀረህ መስሎኝ ስንት ጊዜ ልጽፍልህ ወረቀት አንስቼ ነበር። የሚገድለንን ነገር ከግርጌ በደቃቅ ፊደል አስቀመጥከው፣ የምንሞተውን እኛን ደግሞ ከላይ በትልቅ ፊደል። አለቆችህን ፈርተህ ነው ብዬ ልራራልህ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

በሦስተኛው ቀን ስለ እኛ ወደሚናገረው ክፍል ደረስን። የማንንም ስም አልጻፋችሁም፤ የመላሾችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ይላል። እኛ ድርጅት ሰባት ነን። አባባ ደግሞ «መላሽ» ናቸው። «መላሹ በዕድሜ የገፉ ሲሆን ነጠላ ሰረዝ ዘመናዊ አሠራርን ለመቀበል ያላቸው ዝግጁነት ዝቅተኛ ነው አራት ነጥብ» ብዬ አነበብኩላቸው፤ አባትህን ማለት ነው፣ ብስክሌት ያስተማሩህን ሰውዬ። ዓረፍተ ነገሩ ደህና ነው ብለው አሳለፉት። ድርጅት ሰባት ሦስት ሠራተኛ አለው ይላል፤ አንድ ባለቤት፣ አንድ ጠራዥ፣ አንድ ረዳት። ረዳቷ እኔ ነኝ። ከደራሲ ጋር የምትጨቃጨቀው፣ ከወረቀት ነጋዴ ጋር የምትካሰሰው፣ ሽፋን የምትመርጠው፣ መጻሕፍቱን ተሸክማ በየሱቁ የምታዞረው ረዳት ናት። ማንን እንደምትረዳ እንኳ አልጻፍክም።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ትዝ ይልሃል? «አባትና ልጅ አሳታሚዎች» ይል የለ? ቀለሙ ለቋል እንጂ አሁንም እንደዚያው ነው። አዲስ ደራሲ ሲመጣ ሰሌዳውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ልጅየዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው ይለኛል። አላርመውም። ሰሌዳው የተጻፈው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ልጁ አንተ ነህ። አባባ አላስቀየሩትም፣ እኔም አስቀይሩልኝ ብዬ አላውቅም። ሥራው ይናገርልኛል ብዬ ነበር።

እያንዳንዱን ድርጅት የለካችሁት በአምስት ነገር ነው፤ በካፒታል፣ በመሣሪያ፣ በገበያ፣ በአሠራር ዘዴ እና በተተኪ። ከእኛ በፊት ያሉትን ስድስቱን አንብቤላቸው ስለነበር አባባ አካሄዱን ይዘውታል። የእኛን ጀመርኩ። ካፒታል፣ አነስተኛ። መሣሪያ፣ ያረጀ። ገበያ፣ እየጠበበ የሚሄድ። የአሠራር ዘዴ፣ «አንድ ሰው በኮምፒዩተር በሦስት ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን እርማት ሁለት ሰዎች ለሳምንታት ተቀምጠው ይሠሩታል፤ ይህ የሰው ኃይል ብክነት ሊቆም ይገባል።» ይህን እንኳ ድምፄ ሳይሰበር ነው ያነበብኩት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ አየው። ዘልዬው ወደ ድርጅት ስምንት ሄድኩ።

አንድ መሥመር ዘልዬ አላውቅም ነበር። እማማ የሞተች ሳምንት እንኳ፣ የሐዘን ግጥሞች መጽሐፍ ይዘን፣ አልዘለልኩም።

አባባ አንኳኩ። አምስተኛውስ አሉኝ። ለእኛ አምስተኛ አልተጻፈም አልኩ። እንደገና አንኳኩ። የጣታቸውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለም። ተመልሼ አነበብኩት። «ተተኪ የለውም አራት ነጥብ።»

ከዚያ አንተን ያልኩህን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ለአባባ ብዬ ስለ አንተ ያልተናገርኩትን የዓመታት ክፉ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አወጣሁት። በር የከፈትኩልህ እኔ፣ ሻይ ያፈላሁልህ እኔ፣ ፊትህ ተቀምጬ ድምፄ እስኪሰለል ያነበብኩት እኔ፤ እና የእናቴ ልጅ እንደ ዕቃ አልፎኝ ሄደ አልኩ። ወንበር ቢቆጥር እንኳ የኔን ወንበር ይቆጥር ነበር አልኩ። አለቀስኩም፤ ለምን እዋሽሃለሁ።

አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ማስመሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና እንዲህ አሉኝ፦

«እሱን ተይው። የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው።»

ነገሩን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ስለ ሌላ ሰው ቤት የሚያወሩ ይመስል ነበር። እኔ ሻይ ላፈላ ጓዳ ስገባ ተተኪ አለዎት ብለህ ጠይቀሃቸዋል። የለኝም ብለውሃል። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እሷስ ብለሃቸዋል። የለኝም አልኩህ፣ ጻፈው ብለውሃል። ሻዩን ይዤ ስወጣ ወረቀትህን ሰብስበህ ቆመህ ነበር። አንድ ጊዜ ፉት ሳትል፣ ፊቴን ሳታይ ወጣህ። ብርጭቋችንን የተጸየፍክ መስሎኝ ለካ እስከዛሬ ቂም ይዤብህ ኖሬያለሁ።

ለምን አልኳቸው። አባባን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሊያገባኝ የነበረው ያ የምታውቀው መሐንዲስ ሥራው ወዳለበት ሲሄድ አብሬው ያልሄድኩት ለምን እንደሆነ አባባና እኔ እናውቃለን፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። እናም ለምን የማለት መብት ያለኝ መሰለኝ። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መለሱልኝ፦

«አንቺማ እኔው ነሽ። ሰው ራሱን ይተካል እንዴ? ይልቅ አንብቢ።»

አነበብኩ። ድርጅት ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ አሥርን። ድምፄ ይወጣ ነበር፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አላስታውስም።

ይኸው እስከዛሬ ያንን አባባል አገላብጠዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለማ። ብዙውን ጊዜ ግን ይመረኛል። እኔ እሳቸው ከሆንኩ እኔ የታለሁ? እሳቸው ሲሄዱስ አብሬ ልቀበር ነው? ደግሞ ሌላም ነገር ይታየኛል። ተተኪ አለኝ ካሉ መሥሪያ ቤታችሁ ተተኪዋን ጠርቶ ይመረምራል፣ ብድር ያስፈርማታል፤ የባለቤቱንም የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል፤ ደንቡን ከመጽሐፍህ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ምናልባት እኔን ከዕዳ ሊያስጥሉኝ ይሆናል። ምናልባት ራሳቸውን ከሐኪሙ። ወይም ደግሞ ልጅ ሲባል የሚመጣላቸው አሁንም ሰሌዳው ላይ ያለው ብቻ ይሆናል። አልጠየቅኳቸውም። የሚመልሱልኝን ፈራሁ።

በናንተ ልኬት ሦስተኛ መደብ ላይ ወድቀናል። ሦስተኛ መደብ ለቤተ መጻሕፍት ግዢ መቅረብ አይፈቀድለትም፤ የመምህሩን የወፎች መጽሐፍ ሊገዛ የሚችለው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንጂ ማን ነው? መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ዣንጥላቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ባለፈው የመጡት የአንዲት ወፍ እግር ቢጫ ነው ያልኩት ብርቱካናማ ነውና አርሙልኝ ለማለት ነበር። አባባ ታርሟል፣ መጽሐፉም ይወጣል አሏቸው። በምን እንደሚያወጡት አላውቅም፤ ያለን ወረቀት ለግማሹ አይበቃም። እኔ ግን ከመምህሩ ጀርባ ቆሜ አዎ ይወጣል እያልኩ አንገቴን ነቀነቅኩ። ይህንንም ከብክነቱ ላይ ደምርልኝ።

አሁን ወደ ቅሬታህ ልምጣ። ስድስት ዓመት ቆይቼ ብመጣ አባባ ፊቴን ቀና ብለው አላዩኝም፣ ሲያነጋግሩኝ እንኳ የሚያዩት መስኮቱን ነበር፣ ፀጉሬ መሸበቱን ሳይሉኝ አሰናበቱኝ ብለህ ጽፈሃል። ደብዳቤህ ላይ ከልብህ የጻፍከው ያንን ብቻ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሌላው የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይመስላል። አባባ ፊትህን ያላዩት ተቀይመውህ አይደለም። የሄድክ ዕለት ድምፁ ጎርንኗል፣ ወፍሯል መሰለኝ አሉኝ። ወፍሯል፣ ሸብቷልም አልኳቸው። የት ጋ አሉኝ። ጆሮ ግንዱ ላይ አልኳቸው። ኮቱ ምን ዓይነት ነው፣ እናቱን መስሏል ወይስ እኔን፣ ሲያወራ አሁንም ቅንድቡን ያነሳል ወይ፤ ልቤ እስኪወልቅ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል፤ ደራሲዎቹ የሰሙ ዕለት ማን ጽሑፉን አምኖ ይሰጠናል ብለው ነው ያስማሉኝ። መሐላዬን እጠብቃለሁ።

ስላቀረብክልኝም ሥራ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ልኬት ሲዘጋጅ አራሚ እንፈልጋለን ብለሃል። ያስፈልጋችኋል፤ በመጀመሪያው ልኬት ውስጥ ድርጅት ዘጠኝ አንድ ቦታ ተዘጋ ይላል፣ ሌላ ቦታ ትርፋማ ነው ይላል። ጮክ ብሎ ያነበበው ሰው እንደሌለ ያስታውቃል። እኔ ግን አልመጣም። እኔ ከዚህ ወንበር የተነሳሁ ዕለት ድርጅት ሰባት በዚያው ቀን ያከትምለታል፤ ሦስተኛ መደብ ስለሆነ አይደለም። ይህን የሚለካ ሠንጠረዥ ካለህ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።

ከመጽሐፉ መጨረሻ የሚታረም ነገር ያለው ድርጅት ያሳውቅ፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል የሚል አለ። አሰብኩበት። «ተተኪ የለውም» የሚለውን አትንካው፤ ባለቤቱ የተናገሩት ነው፣ ያለውን ማንበብ ነው። ረዳት መባሌንም ተወው። አንዲት እርማት ብቻ አለችኝ። የአሠራር ዘዴ በሚለው ሥር «ሁለት ሰዎች ለሳምንታት ተቀምጠው» የሚለው «አንድ ሰው ለሳምንታት ተቀምጦ» ተብሎ ይነበብ። ሳምንታት የሚፈጀው አባባ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ የደራሲውን ጽሑፍ ከፊታቸው አንስቼ ሁለቱንም እንደገና ብቻዬን ስለማስተያይ ነው። አንተ ሰዓትህን ይዘህ በተቀመጥክበትም ጠዋት የነበረው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ስታርመው የሠራተኛ ምርታማነታችን እጥፍ ይወጣል፤ ማን ያውቃል፣ መደባችንም ከፍ ይል ይሆናል። ለምን እንዳረምከው ግን ለማንም እንዳታስረዳ።

ደግሞ ስትመጣ በሥራ አትምጣ። ኮትህን አውልቅ። ከበሩ ጀምረህ እያወራህ ግባ። ስትቆምም በመስኮቱ በኩል ቁም፤ የሚያዩት ወደዚያ ነውና።

ይህን ስጽፍ አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። የብዕሬን ድምፅ ሰምተው ለማን ነው ረጅም ነገር የምትጽፊው አሉኝ። ለወረቀት ነጋዴው ነው አልኳቸው። አላንኳኩም።

ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልህ። ባለቤትህን በጤና ያቆይልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ትንሿን ደግሞ ከጥርሷ ቀጥሎ ፊደል ይግለጥላት፤ ለራሷ ብቻ የምታነብ ያድርጋት።

እህትህ፣
ረዳቷ